ጥያቄውን አንብቡለት

ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ እንደምን ከረማችሁ? የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ነው። ማንበብ እንደማይችል ያወቅሁት ግን አምና፣ 3ኛ ክፍል ከገባ በኋላ ነው።

እንዴት እስከዚያ ሳታውቂ ትሉኝ ይሆናል። ማታ ማታ የአማርኛ መጽሐፉን ዘርግቶ ጥርት አድርጎ ያነብልኝ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ስሰማው ቆይቼ ዞር ስል፣ መጽሐፉ የተገለጠው ለካ ሌላ ገጽ ላይ ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲያነቡ እየሰማ በቃሉ ይዞት ኖሯል። ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ "ይቺ ቃል ምን ትላለች?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

ትምህርት ቤት ስሄድ "ሰነፍ ነው፣ አያጠናም" ተባልኩ። 20 ጊዜ ጽፈህ ና ይባላል፣ ይጽፋል፣ ጠዋት ያንኑ ቃል ማንበብ አይችልም። ጎረቤት ጠበል ውሰጅው አለኝ፣ ሌላው መነጽር። ዓይኑን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ ስሙን የነገረችኝ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠናች የጎረቤቴ ልጅ ናት፦ ዲስሌክሲያ። የዓይን ጉዳይ አይደለም፣ የአእምሮ ማነስም አይደለም። ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ነው የሚያቅተው፣ በዘርም ይመጣል (ወንድሜ ትምህርት ለምን እንዳቋረጠ አሁን ነው የገባኝ)። ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል። የልጄ ክፍል 62 ተማሪ ነው፣ ስለዚህ ብቻውን አይደለም ማለት ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው። ሉና ሊን የምትለያቸው ያቺ ትንሽ ቅጥያ ናት፣ አንዱ ላይ መሃል፣ አንዱ ላይ ታች። አሁን ትሪ ላይ ዱቄት በትኜለት ድምፁን ጮክ ብሎ እያለ በጣቱ ይጽፋል፣ በቀን 3 ፊደል ብቻ። ቀስ ብሎ ነው፣ ግን እየያዘ ነው።

መምህራኑን አልወቅስም፣ 62 ልጅ ይዘው ምን ያድርጉ። ግን የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። በአካባቢ ሳይንስ በቃል ሲጠየቅ ቀድሞ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው፣ በጽሑፍ ፈተና ግን ከ10 3 አመጣ። ያንኑ ፈተና ቤት አንብቤለት 8 መለሰ። ታዲያ የተፈተነው ሳይንስ ነው ንባብ? ጥያቄው ይነበብለት፣ ትንሽ ሰዓት ይጨመርለት፣ ልጆች ፊት አስቁመው አያስነብቡት። 1ኛና 2ኛ ክፍል ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ቢታይ የእኔ ልጅ 2 ዓመት ሙሉ ሰነፍ እየተባለ ባልቆየ ነበር። የልዩ ፍላጎት መምህር አለ የተባልኩበት ትምህርት ቤት ከእኛ ሰፈር ሁለት ታክሲ ነው፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን እንኳን ወደዚህ ዳር ብቅ ቢሉልን።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፣ እዚያ ላይ ለተማሪው እንደ ፍላጎቱ ይመቻችለት ይላል። የልጄ የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና 2 ዓመት ቀርቶታል። ያን ቀን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው እንዲመደብለት ከአሁኑ የት ማመልከት እንዳለብኝ የሚመለከተው አካል በጋዜጣችሁ ይመልስልኝ።

አንዲት እናት፣ ከየካ አባዶ