ባቡር ስትጠብቁ ከጠርዙ ራቅ በሉ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ጠዋትና ማታ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከሜክሲኮ፣ ከለገሃርና ከስታዲየም ለምትሳፈሩ። እነዚህ ፌርማታዎች ላይ የአያትም የቃሊቲም ባቡር በአንድ ሐዲድ ስለሚመጣ፣ የቱ እንደሆነ ለማየት ሁሉም ጠርዙ ድረስ ወጥቶ አንገቱን ያሰግጋል፤ ከኋላ ደግሞ ግፊያው አለ። እባካችሁ ይሄን ነገር ተዉት። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ በዚያ ጫጫታ መሃል መምጣቱ ላይሰማችሁ ይችላል። ሹፌሩ ፍሬን ቢይዝም እንደ ሚኒባስ እዚያው ቀጥ አይልም። ስልካችሁ ሐዲዱ ላይ ቢወድቅ ራሳችሁ እንዳትወርዱ! ለፌርማታው ሠራተኛ ንገሩ። ልጅ ያዘላችሁ ጀርባችሁን ለሐዲዱ አትስጡ። በሩ መዘጋት ከጀመረ ደግሞ እጅም ቦርሳም አታስገቡ፣ ቢዘገይም ቀጣዩን ጠብቁ።