ስለ ነርሷ ለጠየቁኝ አባቴ

ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል፣ ለስኳር ክትትል በሄዱበት ሆስፒታል «ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ እጄም ይንቀጠቀጣል» ብለው ሊነግሯት ሲጀምሩ ነርሷ አመናጭቃ እንዳሰናበተችዎ አጫውተውኝ፣ «አንቺም ሕመምተኛውን እንዲህ ታደርጊዋለሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የተደረገብዎ ነገር ፈጽሞ ትክክል አይደለም፤ ሆኖም የጠባይ ክፋት ብቻ አድርገው እንዳያዩት፣ የሥራ ጫና ነርስን ምን እንደሚያደርጋት ላስረዳዎ እወዳለሁ።

እኔ በምሠራበት ክፍል ሌሊት ሠላሳ ለሚጠጉ ሕሙማን የምንመደበው ሁለት ነርሶች ብቻ ነን። በቅርቡ ባልደረባዬ የስድስት ሰዓቱን መድኃኒት በሲሪንጅ እየቀዳች ሳለ አንድ አስታማሚ «ግሉኮሱ አልቋል» ብሎ ጠራት፤ እርሱን ቀይራ ሳትጨርስ የሌላው ሕመምተኛ ኦክስጅን ወረደ፤ ተመልሳ ትሪውን ስታይ የትኛው ሲሪንጅ የማን እንደሆነ እርግጠኛ መሆን ስላቃታት ሁሉንም ደፍታ እንደ አዲስ ጀመረች። ይህን ለማድረግ የበቃችው ከእረፍት ተመልሳ አእምሮዋ ንቁ ስለነበር ነው። ሌሊቱ በሌሊት ላይ ሲደራረብ ግን እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ይሳሳል።

መርፌ መውጋትን እጅ በልማድ ይሠራዋል፤ ቀድሞ የሚጠፋው ማዳመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣን መሰላቸት ሲተረጉም፣ ከድካሙ ጋር ከሥራው በስሜት መራቅንና የሥራ ብቃት መቀነስን አብሮ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ጥናትም፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞታቸው ዕድል በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እኛ ጋ ግን ቅሬታ በበዛ ቁጥር የሚሰጠን የሥነ ምግባር ሥልጠና ነው፤ የሰው ኃይል አይጨመርም፤ የተረኝነት ክፍያውም ወራት ይዘገያል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ጉዳቱ በመጨረሻ የሚያርፈው እንደ እርስዎ ባለው ሕመምተኛ ላይ ነውና።

አባባ፣ ነርሷ ሳትሰማው ያለፈችው ነገር ቀላል አይደለም። የሌሊት ላብና መንቀጥቀጥ የደም ስኳር ከመጠን በታች መውረዱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ሄደው ለሐኪሙ ይንገሩት። ኢንሱሊኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሕመሙ ሲሰማዎ ወዲያው ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ሐኪሙ ያለዎትን በስልክ እንዲነግሩኝ እጠብቃለሁ።

አክባሪ ልጅዎ