ማሙሽ ስለቀረባቸው ቀናት

ሆዴ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ማሙሽስ ሳሉ ተሻለው? ትናንት ማሙሽ ብዙ ቀን ቀርቷል ብሎ ከትምህርት ቤት የመጣልሽን ደብዳቤ እያለቀስሽ ስታነቢልኝ ስራ ላይ ስለነበርኩ በደንብ ላስረዳሽ አልቻልኩም፣ ለዛ ነው የምፅፍልሽ።

ደብዳቤው መጥፎ እናት ነሽ አላለሽም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጅ ከትምህርት ቀኑ 10 ፐርሰንቱን ከቀረ ክሮኒክ አብሰንት፣ ማለት ቀሪ የሚያበዛ ይሉታል፣ ታሞ ይሁን ሌላ ምክንያት ይኑረው አይለዩም። አመቱ 180 ቀን ስለሆነ 18 ቀን ማለት ነው፣ በወር ሁለት ቀን የቀረ ልጅ እዛ ይደርሳል፣ አስም ላለበት ልጅ ይሄ ምን አላት! በ2021-22 እኮ ከስቴቱ ተማሪ 30 ፐርሰንቱ እንደዛ ተብሏል።

ለምን እንዲህ እንደሚያጨናንቁሽ ደግሞ እኔ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ስሰራ የገባኝን ልንገርሽ። በጀቱ የሚሰላው በተመዘገበው ልጅ ሳይሆን በየቀኑ በሚገኘው ልጅ አማካይ ነው። የሀኪም ወረቀት ብትወስጂም ላንቺ ቀሪው ይፈቀድልሻል እንጂ ለነሱ ብሩ አይመጣም። ለደሃ ልጆች የሚጨመረው ብር ራሱ በዚሁ በተገኘው ልጅ ነው የሚባዛው። እስቲ አስቢው፣ እንደ ምዕራብ ኦክላንድ ሃይዌይና ወደብ ዳር ያለ ሰፈር ልጆቹ የከባድ መኪና ጭስ እየሳቡ ይታመማሉ፣ ሲታመሙ ይቀራሉ፣ ሲቀሩ ብር ይቀነሳል፣ ከዛ ነርሷ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ትመጣለች። በጣም ነው የሚያንገበግበኝ፣ ልጆች ለሚታመሙበት ትምህርት ቤት ነበር ጨምረው መስጠት ያለባቸው።

ግን የነሱ በጀት ያንቺ ሸክም አይደለም፣ ትኩሳት እያለው እንዳትልኪው። ያንቺ ስራ አስሙን መያዝ ነው። በየቀኑ የሚወስደውን ኢንሄለር፣ በአፉ የሚስበውን መድሀኒት፣ ሰዎች ይለምድበታል ስላሉሽ እንዳቆምሽው ነግረሽኛል፣ አይለምድበትም ልጄ፣ ሰማያዊው ኢንሄለር ሲያፍነው የሚያስታግስለት ነው፣ የየቀኑ ደግሞ እንዳያፍነው የሚጠብቀው ስለሆነ ደህና ሲሆንም ሀኪሙ አቁሚ እስካላለሽ አታቁሚ። አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ንባብ ወደኋላ ቀርቷል ያለችሽም እኮ ሌሊቱን ሲስል አድሮ ነው፣ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ አንደኛ ክፍል ላይ ንባብ ካመለጠው ሌላውም ትምህርት ይከብደዋል።

ደሞ እጣኑን ተይው። ቡና ያለ እጣን አይሆንም ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፣ ግን ጭሱ ደረቱን ይዘጋዋል፣ ከሰሉንም በረንዳ ላይ አድርጊው። በርበሬ የምትቆዪ ቀን እሱን ውጪ አስወጪው።

ሰኞ ሀኪሙን የትምህርት ቤቱን የመድሀኒት ፎርም አስሞይው፣ አንቺም ፈርሚና ከትርፍ ኢንሄለርና ከስፔሰሩ፣ ኢንሄለሩ ላይ ከሚገጠመው ቱቦ ጋር ለኦፊሱ ስጪ፣ አለበለዚያ ትንሽ ሲያፍነው ውሰጂው ብለው ይደውሉልሻል፣ እሱም የትምህርት ሰአት ያሳጣዋል። ለጎረቤትሽም ንገሪያት፣ የመኖሪያ ወረቀት የለንም ብላ ልጇን ከሀኪም ቤት እንዳታስቀራት፣ ከ2016 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅ ካለ ሜዲካል፣ የስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ፣ ልጆችን ያለ ወረቀትም ይቀበላል።

ስብሰባ የጠሩሽ ቀን ብቻሽን አትግቢ፣ አስተርጓሚ አምጡልኝ በያቸው፣ መብትሽ ነው። ደብዳቤውንም ፎቶ አንስተሽ በዋትሳፕ ላኪልኝ፣ ማታ ከስራ ስወጣ አብረን እናየዋለን።

እናትሽ