ያስረከብነው መረብ ማን አወጣው? ለጣና ዓሣ ጥበቃ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጣና ዙሪያ የዓሣ ሀብት ጥበቃን እንዲመሩ ለተሾሙት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ገቢ የሆነ ሕገ ወጥ መረብ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ስለ መገኘቱ

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታውን ቀደም ሲል በላክናቸው ማመልከቻዎች ላይ በሚገባ አድርሰናል። ለእሱም መልስ ስላላገኘን ዛሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ይህን ደብዳቤም ማንበብ የሚችል ሁሉ እንዲያነበው ከፍቼዋለሁ፤ መዝገብ ቤትዎ የገባ ወረቀት ሲወጣ አላየንምና።

አዋጁን ላስተምርዎ አልተነሳሁም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። በመርዝ ማስገር ክልክል መሆኑን፣ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ የሚባል ሥልጣን ያለው ሰው መኖር እንዳለበት፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በሥልጠናው ላይ በፕሮጀክተር እያሳዩ ያነበቡልን እርስዎ ነበሩ። ያን ቀን ማስታወሻ ከያዙት አስጋሪዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ያነበቡልንን አምነን ያደረግነውን ልንገርዎ። ጽሕፈት ቤቱ ጀልባም ነዳጅም የለኝም ስላለ፣ የማኅበራችን ልጆች ከኪሳቸው አዋጥተው በክረምት ወጡና ከአንድ ወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ ሞኖፊላመንት (ከአንድ ወጥ ቀጭን የፕላስቲክ ክር የተሠራ) መረብ ሰበሰቡ። የወንዙን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ማመልከቻው ላይ አለ፣ ማመልከቻውን ለመግለጥ ምክንያት ይሁንዎ። በደንገል ታንኳ የሚያሰግሩ አዛውንት ሳይቀሩ አብረውን ጎተቱ። መረቡን አስረከብን፤ ንብረት ክፍሉ በገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ገቢ አድርጎ ቅጂውን ሰጠን። «ይቃጠላል፣ ሲቃጠልም ትጠራላችሁ» ተባልን። የጠራን የለም።

በቀጣዩ ነሐሴ ያው መረብ እዚያው ወንዝ አፍ ላይ ተዘርግቶ አገኘነው። ያው መሆኑን በምን አወቃችሁ ለሚል ሰው፦ መሃሉ ላይ ተቀዶ በቀይ ሲባጎ የተጠገነ ነው፤ ተንሳፋፊዎቹም ከቢጫ ጄሪካን የተቆረጡ ናቸው። ስናስረክብ ፎቶ አንስተነዋል፣ ውሃ ውስጥ ስናገኘውም አንስተነዋል። ሁለቱም ፎቶዎች እርስዎ ዘንድ አሉ።

መጀመሪያ «እየተጣራ ነው» ተባለ። ቆይቶ የሚያጣራው ባለሙያ ተዛውሯል ተባለ። በመጨረሻ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ ግን ለእኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሆኖ አገኘነው፦ ሥልጣን ሳይኖራችሁ የሰው ንብረት ነክታችኋል ይላል። የማንን ንብረት? ባለቤቱ ታውቋል ማለት ነው እኮ! ታዲያ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ የበቃው ቀለም ለእሱ ክስ ለመጻፍ እንዴት አነሰ?

ስለ አንድ መረብ ይህን ያህል መጮህ ምንድን ነው የሚል በአጠገብዎ አይጠፋም። ነገሩ ዓሣው ላይ ነው። ቀረሶ (ቲላፒያ) ቢሆን ሐይቁ ውስጥ ዳር ዳሩን ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ቶሎም ያድጋል። ነጭ ዓሣ (ባርበስ የሚባለው) እንዲያ አይደለም። ረጅም ዕድሜ የሚኖር፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍጥረት ነው። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከሐይቁ ከያሉበት ተሰባስበው እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና ግልገል ዓባይ ያሉት ወንዞች አፍ ላይ ይከማቻሉ። ከዚያ የደፈረሰውን ዋና ወንዝ ተከትለው ወደ ትናንሾቹ ገባሮች ይወጣሉ፤ የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጥርት ብሎ የሚፈስና አየር የበዛበት ውሃ ነው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ጠጠር ላይ ነው። ይህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይቆያል፤ የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ነው። በእነዚህ ወራት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ነፍሰ ጡሮች በሚሻገሩበት ድልድይ ላይ ሽፍታ እንደማቆም ነው። የሚያዘው እንቁላል ያዘለ ትልቅ ዓሣ ነው፤ ካላለፈ ደግሞ ላይኛው ጠጠር ባዶውን ይከርማል።

ፍልሰታም የሚውለው በዚያው በነሐሴ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው፤ ገበያው ግን ክርክሩን ከዘጋ ቆይቷል። ነጭ ዓሣው በሚወጣበት ሰሞን ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። ይህን ማንኛዋም ዓሣ ሻጭ ታውቀዋለች፤ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪዎች ግን የዓመት ፈቃዳቸውን የሚወስዱት በዚያው ሰሞን ነው።

ከወንዙ አፍ ያመለጠውን ደግሞ ላይ ብርብራ ይጠብቀዋል። ብርብራ የተባለው ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ጅረቱ ውስጥ ሲበተን፣ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ የዓሣውን ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ትልቁም ትንሹም አፉን እየከፈተ ይንሳፈፋል። ለቃሚው ትልልቁን ይወስዳል፤ ጫጩቱና ጫጩቱ የሚመገባቸው የውሃ ነፍሳት እዚያው ይቀራሉ። የተረፈውን ጠጠር ደግሞ አሸዋና ጠጠር የሚያወጡት በመኪና ይጭኑታል። በወንዞቹ ላይ ስላሉት ግድቦች እዚህ አላነሳም፤ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ የሚወሰኑ አይደሉም። መረቡ ግን እርስዎ መጋዘን ውስጥ ነበር።

ይህ የአስጋሪ ስጋት ብቻ እንዳይመስልዎ። በሞተር ጀልባና በረጃጅም መረብ ለገበያ ማስገር ጣና ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹን መጀመሪያ ከመጨረሻው ጋር ሲያስተያዩ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች በክብደት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሰው አገኟቸው። የባሰ ያሽቆለቆሉት ደግሞ ገና ያልደረሱት ትንንሾቹ ነበሩ። አሮጌው ሲያዝ ተተኪው አልተወለደም ማለት ነው። ያኔ እንቦጭ ጣና ላይ አልታየም ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር በእንቦጭ ማሳበብ አይቻልም። ዛሬ በእርስዎ ሪፖርቶች ውስጥ ዓሣ ቀነሰ በተባለ ቁጥር እንቦጭ ይጠራል፤ አረም ማስጠንቀቂያ አይጻፍበትም፣ ስም የለውም፣ ዘመድም የለውም።

ሊጠፋ የሚችለውንም ያውቁታል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቷቸው በኖሩት በጣና ነጭ ዓሦች መካከል 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል፤ ከጥቂቱ በቀር ሌላ የትም አይገኙም። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው ለዚህ የካርፕ ወገን ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው፤ የዓለም ሊቃውንትን ወደ ጣና ያመጣቸውም ይኸው ነው። የዚህ ወገን ዓሣ እንዲህ በአንድ ሐይቅ በዝቶ የሚታወቅበት ሌላው ቦታ የፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ ነበር። ባዕድ ዓሣ ገባበት፣ ከልክ በላይና ባጥፊ ዘዴ ተሰገረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዚያ ሐይቅና የመፍሰሻው ወንዝ 15 ዝርያዎች ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። እዚያም አዋጅና ጽሕፈት ቤት ሳይኖር አይቀርም።

ከእርስዎ አዲስ ጥናት አንፈልግም፤ አውደ ጥናትም አበልም አልጠየቅንም። ከሐምሌ በፊት የወንዞቹን አፍ ለሚጠብቁ አስጋሪዎች የጽሑፍ ውክልና ይስጡ። ነዳጁን እንደ ልማዳችን እናዋጣለን። በማኅበራችን ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያም ይሻሩ።

ስለ መረቡ ደግሞ አንድ ሰነድ ብቻ ነው የምንጠይቀው። ከመንግሥት መጋዘን በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው። ሞዴል 22 ተቆርጦ ከሆነ፣ የጠየቀው፣ የፈቀደውና የተረከበው ሰው ስም ከነፊርማው እዚያ ላይ አለ፤ ቅጂውን ይላኩልን። ካልተቆረጠ ደግሞ መጋዘንዎ ተዘርፏል፤ ለፖሊስ ያመለከቱበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይንገሩን። ሦስተኛ መንገድ የለም። መልሱን በስልክ አንቀበልም፤ በጽሑፍ፣ በቁጥርና በማኅተም ይሁን።

ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው የአስጋሪዎች ማኅበር አባላት አንዱ