ገጽታው መልኩን ይያዝ፣ ተግባሩ ለፕለጊን ይተው

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

የድረ ገጽ መገንቢያ ሶፍትዌሩ ዎርድፕሬስ በ2005 እ.ኤ.አ. የገጽታ (theme) ሥርዓትን ያስተዋወቀው የድረ ገጽን መልክ ከይዘቱ ለመለየት ነበር፤ ዛሬ ግን አንዳንድ ባለሙያዎች የማስታወቂያ ምድቡንና የመጠይቅ ቅጹን ጭምር እገጽታው ውስጥ ስለሚያስገቡ፣ ደንበኛው ገጽታ በቀየረ ማግስት ሁሉም ከገጹ ይጠፋል። የእነዚህ ቦታ ፕለጊን፣ ማለትም ለድረ ገጹ ተግባር የሚጨምር ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም ነው። ገጽታው በበኩሉ በራስጌውና በግርጌው ፕለጊኖች ኮዳቸውን የሚያስገቡበትን መግቢያ ካልተወ፣ በዚያ መግቢያ የሚጠቀመው ፕለጊን ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ሥራውን ያቆማል።

በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ደግሞ የባሰ አለ። አሳሾች ለአዝራር የራሳቸውን የፊደል ዓይነት ስለሚሰጡ፣ የገጽታው አዘጋጅ አዝራሩን «የገጹን ፊደል ውረስ» ብሎ ካላዘዘ በስተቀር፣ ጽሑፉ ባማረ ፊደል ተጽፎ ከፕለጊን የመጣው «ላክ» የሚለው አዝራር ብቻ ባዕድ መስሎ ይታያል፤ ለላቲን ፊደል የተመጠነው ጠባብ የመስመር ርቀትም ፊደላችንን ያጨናንቀዋል። ገጽታ የሚያሠሩ ተቋማት ርክክብ ከመፈጸማቸው በፊት ፕለጊኖቹን ጭነው በአማርኛ ጽሑፍ እንዲፈትሹ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድረ ገጽ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ