ደሴ ላይ እንግዳ ስትጋብዝ

ደሴ፣ ጥቅምት

ለምወድህ ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ፣ እናታችንስ እንዴት ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ከርመን ድምፅህን በጽሑፍ ማግኘቴ በጣም አስደስቶኛል። ሌላ ሌላውን ስትመጣ እናወራዋለን፤ አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስልህ።

በኅዳር አጋማሽ አምስት የሥራ ባልደረቦችህን ይዘህ ደሴና ኮምቦልቻ ትመጣለህ። ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ አንዷ ጾም የማታፈርስ ናት፣ የቀሩት ጥብስና ድራፍት ይወዳሉ። «ሁሉንም አንድ ላይ የት ላብላቸው?» ብለሃል። አብሽር፣ ይቻላል። ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበትን አይጠየፍ አዳራሽን ባሠሩበት ከተማ እንግዳ ለሁለት ተከፍሎ በየቤቱ ሲበላ ማየት እኔን ያንገበግበኛል። ግን የቤት ስም ብቻ ጽፌ ብልክልህ አይበጅህም፤ ያው ቤት ረቡዕ ሌላ ነው፣ እሑድ ሌላ።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገናም አይፈታም። ከዚያ በፊት ከመጣህ ጾመኛዋን የሚመለከታት ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን በየቀኑ ናት፤ አንዳንዱ ሥጋ ቤትም ሥራ ይቀንሳል። ዓርብ ምሳ ላይ ሰው ሰብስበህ አትውጣ። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ሙስሊሞቹ ባልደረቦችህ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ፣ በሸዋ በር በኩልም መንገዱ ይጨናነቃል። ዓርብ ካልቀረ ምሳውን ወደ ስምንት ሰዓት ግፋው።

አሁን ዋናው ነገር። ሥጋ ላይ ሁለቱ ወገኖች አይገናኙም፤ የማን ቢላዋ እንደነካው ያያሉ፣ ማየታቸውም ተገቢ ነው። የሚገናኙት ዓሣና የጾም ምግብ ላይ ነው። ዓሣ ባራጅ አይለይም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። ሐይቅ ደግሞ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጠዋት የወጣው ቆሮሶ ለምሳ ይደርሳል። ጾመኛዋን ግን ዓሣ ትበላ እንደሆነ አስቀድመህ ለብቻዋ ጠይቃት። በነቢያት ጾም የሚበሉ አሉ፣ የማይነኩም አሉ፤ ሰው ፊት ስትጠየቅ ትቸገራለች።

ዓሣው ትኩስ መሆኑን ሳይጠበስ እይ። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ዓይኑ ከደፈረሰና ስንጥቡ ከጠቆረ ጉላሽ አድርጉልኝ ብለህም አታምልጥ፤ ቅመም ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ዓሣውን አያድነውም። ሙሉውን ጥብስ የምታዝዝ ከሆነ ግራና ቀኙ እስከ አጥንቱ ድረስ ይተልተል፤ ካልተተለተለ ውጪው ሲደርቅ ከአከርካሪው አጠገብ ያለው ጥሬ ይቀራል። በደንብ መድረቅም አለበት፣ እርጥብ ዓሣ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሲበዛባቸው አራት አምስቱን ባንድ ድስት ይጨምራሉ፣ ዘይቱ ይበርዳል፣ ዓሣው መጥበሱ ቀርቶ ዘይት ይመጥጣል። ለስድስት ሰው ስታዝዝ «ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጥበሱ፣ እንጠብቃለን» በል። ሎሚና ሚጥሚጣ ለብቻ ይምጣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የዘይቱ ነው። ጥብስ የሚሸጥ ቤት ዓሣውን ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ወይም መጥበሻ ካበሰለው፣ ለጾመኛዋም ለሙስሊሞቹም አልሆነም። «ለዓሣ የተለየ ዘይትና መጥበሻ አላችሁ?» ብለህ ቀድመህ ጠይቅ። ካላቸው አስተናጋጇ ወዲያው ትነግርሃለች፤ ከተንተባተበች ሌላ ቤት ሂድ።

የጾም ምግብ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ሌላ ነው። በሙስሊም ምግብ ቤት ሽሮ ስታዝዝ በጾም ቀንም ቅቤ ጣል ሊያደርጉበት ይችላሉ፤ ለእነሱ ጾም አይደለምና ጥፋት አይባልም። «በዘይት ብቻ፣ ቅቤ ያልነካው ድስት» ብለህ እዘዝ። ቦዘና ሽሮ ሥጋ አለበት፤ ከዝርዝሩ ላይ ሽሮ የሚለውን ብቻ አይቶ የሚያዝዝ እንግዳ አለ። ጎመንም እንዲሁ፣ ጎመን በሥጋ እንዳይመጣባችሁ።

ሽሮ ጊዜ ይፈልጋል። ለአንድ ኩባያ ዱቄት ሦስት ኩባያ ያህል ውሃ፣ ተጋቢኖ ሲሆን ውሃው ያንሳል። ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ በዘይት ከበሰሉ በኋላ ውሃው ይገባል፤ ዱቄቱ እየተነሰነሰ፣ እየተማሰለ ይጨመራል። ባንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይጓጉላል። ከዚያ በቀስታ እሳት 15 እስከ 20 ደቂቃ ይንተከተካል፤ ዘይቱ ጠርዝ ላይ ሲወጣ በሰለ ማለት ነው። በምሳ ግርግር በአምስት ደቂቃ የመጣልህ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ስለዚህ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረስ፣ ወይም ከግማሽ ሰዓት በፊት ደውለህ እዘዝ። በየአይነቱ የሚጥመው ረቡዕና ዓርብ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ብዙ ሰው ስለሚበላው ወጡ የዕለት ነው። ማክሰኞ የሚቀርብልህ ምስር የትናንት ሊሆን ይችላል።

ከፍታውንም አትርሳ፤ እንግዶችህ ቆላ የለመዱ ከሆኑ ይገርማቸዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች በ94። የሁለት ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ባቄላ፣ ክክና ቅቅል ላይ ግን ትታያለች። ደሴ ላይ ያለ ግፊት ድስት በችኮላ የወጣ ቅቅል እንደ ጎማ ይጎተታል። «ቅቅሉ ስንት ሰዓት ተጣደ?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ነውር የለበትም። እንጀራውም ይለያል። በደሴ ብርድ ሊጡ ቀስ ብሎ ነው የሚቦካው፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ስላለ ቶሎ ይነሣል፣ አንድ ቀን ካለፈውም ይኮመጥጣል።

ጥብስ የሚሹትን አልረሳኋቸውም። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከእንጀራ ጋር ለሁለት ለሦስት ሰው ይበቃል። ሲጠበስ ከሩብ የማያንስ ክብደቱን ስለሚያጣ በሳህን ትንሽ መስሎ ቢታይህ አትደንግጥ፤ ዋናው ሚዛኑ ፊትህ መሆኑና አጥንት ያለው ወይስ የሌለው መባሉ ነው። ሥጋው ላይ የቄራ ማኅተም ፈልግ። ደረቅ ጥብስ የሚበላሸው በውሃ ነው። ከፍሪጅ በረዶ ሆኖ የወጣ ሥጋ በቀዝቃዛ መጥበሻ ከገባ ውሃውን ይለቅና ይቀቀላል፣ ይገረጣል፣ ይጠነክራል። መጥበሻው እስኪጨስ ይጋል፣ ሥጋው በትንሽ በትንሹ ይግባ፣ ጨውና ሽንኩርቱ ወደ መጨረሻ፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ሊወጣ ሲል። ኮምቦልቻ ስትወርዱ የፍየል ጥብስ እዘዝላቸው፤ ቆላው ቅርብ ስለሆነ ፍየሉ ጥሩ ነው። በሙስሊም ቤት ከበላችሁት ደግሞ ሁለቱ ባልደረቦችህም የሥጋ ድርሻቸውን አገኙ ማለት ነው። ጥሬ ሥጋ ግን ለእንግዳ አትጋብዝ። የኮሶ ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፤ የለመደ ሰው በራሱ ውሳኔ ይብላ። ዱለት ከፈለጉ የታረደ ዕለት በማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀርብ ዱለት አይታመንም።

ገበታው ሲቀርብ ዓሣውና የጾሙ ትሪ መካከል ይሁን፣ ሁሉም እጁን እንዲሰድድ። ሥጋ የሚፈልግ ካለ በሌላ ሳህን፣ በሌላ እንጀራ፣ በራሱ ማንኪያ ይቅረብለት። የጥብስ መረቅ የጋራው እንጀራ ላይ ከፈሰሰ ትሪው ተበላሸ፤ ጾመኛዋ ምንም ሳትናገር እጇን ትሰበስባለች። ጉርሻም እንዲሁ ነው፤ ሥጋ በነካ እጅ ለሌላው አይጎረስም።

መጠጡን በተመለከተ አሳቤ ቁርጥ ያለ ነው፤ ቢራ የጋራው ገበታ ላይ አይምጣ። ሙስሊም ምግብ ቤት አይሸጥም፣ የሚሸጥ ቤት ብትቀመጡም ሁለቱ ባልደረቦችህ መጠጥ ባለበት ገበታ መብላት ሊከብዳቸው ይችላል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት አብራችሁ ብሉ። ከዚያ ድራፍት የሚሻው ወደ ድራፍት ቤት፣ የማይሻው ወደ ጀበና ቡና ይሂድ። እንዲህ ሲሆን ማንም አይሸማቀቅም። በገበታው ላይ ግን አምቦ ውሃ፣ ሻይ፣ ወይም ከተገኘ ቃሪቦ አስቀርብላቸው። ቃሪቦ ጌሾ የለውም፤ የተቆላ ገብስ ተፈልቶ ይጠለላል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ስኳርና ጥቂት እርሾ ገብቶበት ያድራል። በማግሥቱ ጠዋት ነው የሚጠጣው። ሲውል ሲያድር እርሾው ስኳሩን እየበላ ስለሚሄድ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ምላስ መንከስ ይጀምራል፣ አልኮልም ያፈራል። ስለዚህ መቼ እንደተጠነሰሰ ሳትጠይቅ ለሙስሊም እንግዳ አታቅርብ። ይህን ማወቅ የጋባዡ ኃላፊነት ነው።

ድራፍት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም። ቢራው የሚጠመቀው እዚያው ኮምቦልቻ ቢሆንም፣ በርሜሉ የሐረጎን ዳገት እየተናጠ ይወጣል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጋዙ ቶሎ ያመልጣል፤ ጃምቦው ግማሹ አረፋ ሆኖ የሚመጣው በዚህ ነው። ጥሩ ቤት በርሜሉን ቢያንስ አንድ ሌሊት በቀዝቃዛ ቦታ ያሳርፈዋል፣ የጋዙንም መለኪያ ከቆላው ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ሁለት ጣት ያህል አረፋ ትክክል ነው። ምንም አረፋ ከሌለው ወይ ጋዙ አልቋል፣ ወይ ብርጭቆው ቅባት ወይም ሳሙና አለበት። ኮምጠጥ የሚል ከሆነ የቱቦው ንጽሕና ነው፤ ቱቦው በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ እርሾና ባክቴሪያ ያድርበታል። የዕለቱን የመጀመሪያ ብርጭቆ አትቀበል፣ ቱቦ ውስጥ ያደረው ነው። ሰው የማይበዛበት ቤት ከሆነ ድራፍቱን ትተህ ጠርሙስ እዘዝ፤ በርሜሉ ከተከፈተ ስንት ቀን እንደሆነው አይታወቅም። አረቄ ለመንገደኛ አይሆንም።

ከጠጣችሁ በኋላ ደግሞ ሐረጎን በመኪና አትውረዱ። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቅርብ ነው ብለው የሚነሡ አሉ፤ ግን ጠመዝማዛው ብዙ ነው፣ ሌሊት ጉም ይወርድበታል። ማደሪያችሁ ኮምቦልቻ ከሆነ እራታችሁም መጠጣችሁም እዚያው ይሁን፤ ደሴን በምሳ ጨርሷት።

ሂሳቡን ለመክፈል ከገበታ ተነሥቶ መታገል እዚህ አልቀረም። ጋባዥ አንተ ስለሆንክ ገና ስትገቡ ለአስተናጋጇ «ሂሳቡ የኔ ነው» በላት፣ በቴሌብርም ቀድመህ ክፈል። የ15 በመቶው ታክስ ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ስታዝዝ ጠይቅ። ጉርሻውን ለአስተናጋጇ በእጇ ስጣት።

ልብስ ደርቡ፣ በኅዳር የደሴ ማታ ይቆረጥማል። የምትመጡበትን ቀን ሦስት ቀን ቀድመህ ንገረኝ፤ ዓሣውን ከሐይቅ ለዚያው ጠዋት አስይዛለሁ፣ ዘይቱንም ገብቼ አይልሃለሁ። ጾመኛዋ ዓሣ የማትበላ ከሆነ አብረህ ጻፍልኝ፣ ሽሮውን በዚያው ልክ አስጨምራለሁ።

እናታችንን እጅ ንሣልኝ።

ወንድምህ