ክፍያው ይቀጥል፣ ሒሳቡ ግን ይነገረን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከመብራት ሒሳብ ጋር ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ስለሚቆረጠው የቴሌቪዥን ክፍያ ብዙ ሰው ሲያጉረመርም እሰማለሁ። «ዲሽ አለኝ፣ ዩቲዩብ አለኝ፣ የማላየውን ጣቢያ ለምን እቀልባለሁ?» ይላሉ። ቅሬታው ይገባኛል። እኔ ግን «ይቅር» ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የሆነውን አንርሳ። ለወራት ፌስቡክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። በሰፈራችን ሱቅ አንቴናው ተሰብሮ ሽቦ የተቀጠለለት፣ የድንጋዩ ክዳን በላስቲክ የታሰረ ራዲዮ ነበር። ዜና ሰዓት ሲደርስ ባለሱቁ ስኳር መመዘኑን ትቶ ጆሮውን ይጥላል፤ ገዢውም አይቸኩልም። ሰው ማወቅ የፈለገው መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ማዳበሪያ ገብቷል ወይ የሚለውን ነበር። የሚሰማው ግን ብዙውን ጊዜ ያው ነው፦ ውይይት ተካሄደ፣ አቅጣጫ ተቀመጠ።

ችግሩ ከገንዘቡ ይጀምራል። በጀት መዳቢው በጀት ቀናሽም ስለሆነ ጋዜጠኛው እሱን ማስቀየም ይፈራል። ማስታወቂያም አያዛልቅም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያ ከአየር ላይ ሲታገድ ስንቱ ፕሮግራም ስፖንሰር አጣ (እገዳው ደግ ነበር፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው)። ደግሞስ የአዲስ አበባ አፓርታማ ሻጭ የቡሬ ገበያ የበቆሎ ዋጋ ለደብረ ኤልያስ ገበሬ እንዲነገርለት ምን ብሎ ይከፍላል?

በመንግሥት በጀት ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅን የሚከታተሉ ያውቁታል፤ መጋቢት 2017 ከዋሽንግተን በወጣ አንድ ትእዛዝ የአማርኛው ስርጭት ጸጥ አለ። ጀርመኖች ለአገር ውስጥ ጣቢያዎቻቸው በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ ያስከፍላሉ። ጣቢያዎቹ ስንት እንደሚያስፈልጋቸው የሚያሰላው ገለልተኛ ኮሚሽን ነው። አንድ ክልል የክፍያውን ጭማሪ ሲያግድ በፈረንጆቹ 2021 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ገብቶ አጸደቀው። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። የጎደለን ገንዘቡን ከባለሥልጣን እጅ የሚያርቅ አሠራር ነው።

ስለዚህ ከተሜው ይክፈል፤ መብራት ያልገባለት ገበሬ በነፃ ይስማ፣ ይህ ፍርደ ገምድልነት አይደለም። ነገር ግን ከክፍያው ከፊሉ በየክልሉ ላለው ራዲዮ ይድረስ፤ ለአዊው ወገናችን በአገውኛ ለሚተላለፈውም ጭምር። ስንት ተሰብስቦ በምን ላይ እንደዋለም በዓመት አንድ ጊዜ በዚያው በዜና ሰዓት ይነበብልን። ኮርፖሬሽኑ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነውና ከጎጃም የተመረጡ የምክር ቤት አባላት በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ይህን ያንሱልን፦ ከእኛ ዞኖች በዓመት ስንት ብር ይሰበሰባል? ከእሱስ ስንቱ እዚህ ሪፖርተር ለመቅጠር ዋለ?

አንድ አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም